ዳቦ መንከር ነውር የነበረበት ዘመን

የሰውን ልጅ ከእንስሳ የሚለየው አእምሮው ነው የሚሉ አሉ። ስህተት ነው፤ የሚለየው የማንኪያ አያያዙ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ያበሰሩን የመምሪያ ኃላፊያችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝምልንና፣ በመሥሪያ ቤታችን ስለ ሥርዓት ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቢኖርም ደሞዙን ስለሚወድ አይናገርም። እኔ ለምሳሌ አልናገርም።

ነገሩ የተጀመረው ዋና ሥራ አስኪያጁ ኃላፊያችን ቤት እራት ሊበሉ ቃል የገቡ ዕለት ነው። የምክትል ሥራ አስኪያጁ ወንበር ክፍት ነበርና፣ ኃላፊያችን ቤተሰባቸውን በአስቸኳይ ይመረምሩ ጀመር። ሚስታቸው ፈተናውን አለፉ። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ግን ከባድ ጉድለት ተገኘባት፤ ሾርባም ይሁን ሻይ፣ ዳቦዋን ሳትነክር አትበላም። የችግሩ ምንጭ ሲጣራ አያትየው ሆነው ተገኙ፤ የራሳቸው የኃላፊያችን አባት።

እኚህ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ቤተሰቡ የሚበላበትን ረጅም ጠረጴዛ የሠሩትም እርሳቸው ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ዳቦ ካልነከሩ አይሆንላቸውም። የልጅቱም የወተት ጥርስ በዚያው ሰሞን ወልቆ ስለነበር፣ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ድድ ለድድ ተግባብተው ይነክሩ ነበር። እርግጥ ሽማግሌው ያስተማሯት ይህን ብቻ አይደለም። ሾርባው እስኪበርድ ተረት እየነገሩ መታገሥን፣ ምግብ ያቀረበን ሰው ማመስገንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ መብላት እንደማይጀመር አስለምደዋታል። ይህ ሁሉ ግን ማንኪያ አያያዝን ስለማይመለከት ከግምት አልገባም።

ስለዚህ ውሳኔ ተላለፈ።

«አባባ፣ እንግዳው መጥተው እስኪሄዱ ኩሽና ቢበሉ ለእርስዎም ይሻልዎታል» አሉ ኃላፊያችን።

«እሺ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ዳቦአቸውንና ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ።

በእራቱ ምሽት እኔም ወንበር እንድሞላ ተጠርቼ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሾርባ ቀረበ። ሁላችንም እንደ ሠልፈኛ ማንኪያ አነሳን። ልጅቱ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። አባቷ በዓይናቸው ቢገሥጿት ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ለምን እንደማትበላ ጠየቋት።

«ሰው ሁሉ አልተቀመጠም» አለች።

«ማን ቀረ የኔ ቆንጆ?»

«አባባ። ኩሽና ነው። ዳቦ ስለሚነክር።»

ኃላፊያችን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሽማግሌው ተጠሩ፤ መጥተው የልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ነከሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ በጥርጣሬ ሲያዩት የቆዩትን ዳቦ አንስተው እርሳቸውም ነከሩ። ለካስ አዲስ ያስገጠሙት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያሠቃያቸው ከርሞ ኖሯል።

«እፎይ» አሉ። «የሰው ቤት ማለት እንዲህ ነው።»

ኃላፊያችን ወዲያው ዳቦአቸውን እስከ ጣታቸው ነከሩ። እኔም ነከርኩ። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊያችን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በመሥሪያ ቤታችንም በሻይ ሰዓት ዳቦ በደረቁ የሚገምጥ ሰው የተደበቀ ዓላማ እንዳለው ይታሰብ ጀመር። አያትየው ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህን ሥርዓት ያወረሱን አባቴ ናቸው» እየተባለ ሲነክሩ ይታያሉ። ልጅቱ ደስታዋን አልቻለችውም።

ምን ያደርጋል፣ ሽማግሌው በጡረታ ገንዘባቸው ጥርስ አስገጠሙ። በዚያው ምሽት፣ ያውም በእንግዶች ፊት፣ ዳቦውን በደረቁ ኮረሸሙት።

«ኧረ አባባ፣ ይንከሩ እንጂ» አሉ ልጃቸው በሹክሹክታ።

«ያኔ እኮ ጥርስ ስላልነበረኝ ነው ልጄ። አሁን ምን ቸገረኝ?»

ይህ ለሥርዓት ግልጽ ንቀት ነው። ሽማግሌው በማግሥቱ ወደ ኩሽና ተመለሱ፤ ያኔ በመንከራቸው፣ አሁን ደግሞ ባለመንከራቸው።

ባለፈው እሑድ ምክትል ሥራ አስኪያጃችን እራት ጋብዘውኝ ነበር። እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ እኔና እርሳቸው ብቻ ነን። ከኩሽና የሽማግሌው ተረት፣ የምራታቸው ሳቅ፣ የማንኪያ ኳኳታ ይሰማል። ሾርባችን እየቀዘቀዘ ነው። ጋባዤ ልጃቸውን ተጣሩና፣ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ መብላት ነውር መሆኑን እንዳትረሳ በአባትነት አሳሰቧት።

ልጅቱ አንገቷን ብቻ በበሩ ብቅ አደረገች።

«እኛ እኮ ጀምረናል አባዬ» አለች። «ሰው ሁሉ ተቀምጧል።»

ምክትል ሥራ አስኪያጃችን በሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ ዳቦአቸውን ነከሩ። እኔም ነከርኩ።