የጋሽ በሱፍቃድ ፈረሶች ከየት መጡ?

አዲስ አበባ ውስጥ ታሪክ የሌለው ድንጋይ ካያችሁ፣ የዚያ ሰፈር ታሪክ ነጋሪ ገና ጡረታ አልወጣም ማለት ነው። ይውጣና ታያላችሁ! ድንጋዩ አባት ይኖረዋል፣ ያመጣው መርከብ ይኖረዋል፣ በጉዞ ላይ ያስለቀሰው ሰው ሳይቀር ይኖረዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የልደታው ግን፣ ለሰፈሬ ያዳላሁ አይምሰላችሁና፣ ከሁሉም የባሰ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ በሱፍቃድ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የውኃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሰንጋ ተራ ያልገቡበት ግቢ የለም። ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን አባት ምን ይሠራ እንደነበር፣ ከቆጣሪው ጋር አብረው አንብበውታል። ጡረታ ወጥተው የሚያነቡት ሲያጡ ጊዜ ጨርሰው ፈረሶቹ ላይ ዘመቱ።

ፈረሶቹ የምንለው በእድራችን ግቢ ውስጥ የቆመውን አሮጌ የልጆች መጫወቻ ነው። ስድስት የእንጨት ፈረሶች፣ መሐል ላይ አንድ ወፍራም የብረት ምሰሶ፣ ከላይ የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አለቀ። አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ሲገፋው ይዞራል። ሞተር የለውም፤ ሞተሩ ጋሽ በሱፍቃድ ናቸው። ለግንቦት ልደታ፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ ግሪስ ቀብተው፣ ኮታቸውን አውልቀው ይገፋሉ፤ የሰፈሩ ልጅ እየተንጫጫ ይሳፈራል። ልደታ ያደገ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድ ቀን እዚያ ላይ ራሱን አዙሮት ቁርሱን መልሷል።

ታዲያ ይሄ ዕቃ ከየት መጣ? ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው፤ ጉዳይ ካላችሁ ደግሞ በአጠገባቸውም አትለፉ።

«ይሄን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን» ብለው ይጀምራሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «አንዱ ሞቷል።»

ሟቹ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተገለጸም።

አንድ ጊዜ ከሰንጋ ተራ አብረን ታክሲ ገባን። ሦስት ደቂቃ የማትሞላ መንገድ ናት። ገና በሩ ሳይዘጋ ፈረሶቹን የጫነው መርከብ ማዕበል ላይ ነበር። «ወራጅ አለ» የሚል ሰው ጠፋ። ልደታን አለፍናት። ረዳቱ ራሱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ «እና ሰመጠ?» ይላል። አንዲት ሴትዮ ቀጠሮዋ እንዳለፈ ያወቀችው ካፒቴኑ ከዳነ በኋላ ነው። ተራግማ ወረደች፤ ከመውረዷ በፊት ግን የካፒቴኑን ስም ጠይቃለች።

ይሄ እንኳን ባልከፋ። የከፋው ታሪኩ እንደ ሰሚው መለዋወጡ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ ሀያት የስልጤ ልጅ ናት፤ ለሷ ፈረሶቹን ከለገሃር እስከ ልደታ በጋሪ ያመጧቸው የገዛ አያቷ ናቸው። ለጠበቃው ፍሬምናጦስ ደግሞ አንድ ጣሊያን ክስ ተረትቶ በካሣ ፈንታ ትቶ የሄዳቸው ናቸው። የእድራችን ዳኛ አቶ ቱሉ የአምቦ ሰው ስለሆኑ፣ ምሰሶውን የቀጠቀጠው የአምቦ አንጥረኛ ነው። በደርግ ጊዜ የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስጦታ ነበሩ አሉ። ባቡሩ ሲሠራ አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ወደ ግቢው ብቅ ቢል፣ ፈረሶቹ በአንድ አፍታ ቻይና ተወለዱ። ሰውዬው ደስ ብሎት ፎቶ ተነሣ፤ በማግስቱ አንድ ከረጢት ብሎን ይዞ መጣ። ፈረሶቹ ዛሬም የቆሙት በዚያ ብሎን ነው።

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ የሰው አቤቱታ ስጽፍ እውላለሁ። ማስረጃ የሌለው ወሬ ገላዬን ያሳክከኛል። ስንት ጊዜ «ጋሼ፣ ትናንት ከጣሊያን ነበር የመጡት'ኮ» ብያቸዋለሁ! እሳቸው ግን በሐዘኔታ ያዩኝና «አንተ ልጅ፣ መንገዱ ረጅም ነዋ!» ይሉኛል።

ዘንድሮ ጉድ መጣ። እድሩ አዳራሽ ሊሠራ ቦታ ፈለገ። አቶ ቱሉ ፈረሶቹ ተነቅለው ለመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት ገዢ ይሸጡ አሉ። ጋሽ በሱፍቃድ ዱላቸውን ይዘው እኔ ሱቅ ገቡ። ተቀመጡ። ታሪክ አልጀመሩም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

«ልጄ፣ ለቅርስ ሰዎች ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ። «እነዚህ ፈረሶች ከሄዱ እኔ ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?»

ጻፍኩ። ‹አመጣጡ› የሚለው ላይ ስደርስ፣ ምሳ ሳንበላ ሦስት አገር ስለነገሩኝ ‹ባለሙያ ሲመጣ በቃል ይብራራል› ብዬ አለፍኩት። አቶ ቱሉም፣ ሰው ቅር እንዳይለው፣ የቅርስ ቢሮው የሚልካት ባለሙያ ታሪክ አለው ካለች ይቀራል፣ የለውም ካለች እዚያው ይጫናል ብለው ወሰኑ።

እሑድ ጠዋት የእድሩ አባል ነቅሎ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። የልደታ ሰው ፍርድ ቤት አጠገብ ስለሚኖር ምስክርነት ነፍሱ ነው፤ አንዳንዱ ክራባት አድርጎ መጥቷል። በሩ ላይ የብረት ገዢው አይሱዙ ቆሟል። ባለሙያዋ ለሊሴ የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ናት። ላፕቶፗን ከፈተች።

«እሺ አባባ፣ ፈረሶቹ መቼ መጡ? ማን አመጣቸው?»

ጋሽ በሱፍቃድ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሰዉን አዩ። ፊት ለፊት ሀያት አያቷ እስኪጠሩ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። አጠገቧ ፍሬምናጦስ ጣሊያኑን ይጠብቃል። አቶ ቱሉ እንኳን፣ ሻጩ ራሳቸው፣ አንጥረኛው ሲነሣ ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል። አንዱን ቢናገሩ ሌላው ሁሉ ውሸታም ሊላቸው ነው። ላቡ በግንባራቸው ሲወርድ አየሁ። አሳዘኑኝ።

«አላውቅም» አሉ።

ከተወለድኩ ጀምሮ ይህቺን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ልጅ ሆኜ እዚህ ሰፈር ስመጣ እዚሁ ቆመው ነበር። ከኔ የሚበልጡትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የሚያውቅ የለም።» ተቀመጡ።

ለሊሴ ከንፈሯን መጠጠች። «እንግዲህ ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ…»

«አላልኳችሁም?» አለ ብረት ገዢው፣ እጁን እያፋተገ።

«ቆይ!» ሀያት ብድግ አለች። «ምን ማለት ነው አላውቅም? እሳቸው ባያውቁ እኔ አውቃለሁ! አያቴ ናቸው በጋሪ ያመጧቸው! ባሌን አግብቼ እዚህ ሰፈር ስገባ ማንም ሰላም አይለኝም ነበር። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ ነው እንደ ሰፈሬ መራመድ የጀመርኩት።»

«ይቅርታ፣ ተቃውሞ አለኝ» አለ ፍሬምናጦስ፤ ችሎት የቆመ መስሎታል። «ፈረሶቹ የካሣ ንብረት ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ! ከኋላ አንዱ መርከብ ይላል፣ ሌላው ባቡር ይላል፣ አንዲት አሮጊት «ቡልጋሪያ ነው! ቡልጋሪያ!» እያሉ በነጠላቸው ይማታሉ። ብረት ገዢው ሰለቸውና ወደ ፈረሶቹ ሄዶ ምሰሶውን በእርግጫ መታው። «ምን ታካብዳላችሁ? ተራ ብረት'ኮ ነው!»

«እግርህን አንሣ!» ብለው ጮኹ አቶ ቱሉ። ወንበራቸው ወደቀ። «ማንን ነው ተራ የምትለው? የአምቦ እጅ ነው! አባቴ የሚያውቁት አንጥረኛ የቀጠቀጠው ነው!»

«ታዲያ ለምን ትሸጡታላችሁ?» አለች ለሊሴ።

አቶ ቱሉ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ማነው ይሸጣል ያለው?» አሉ፣ ከልባቸው ተቆጥተው።

እኔ ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል በልቤ ስስቅ ነበር። አይ የሰፈሬ ሰው፣ እንዲህ ይታለላል? እያልኩ። ድንገት እጄ ተነሥቶ አገኘሁት።

«ጥቁሩን ፈረስ የቀባው አባቴ ነው» አልኩ።

አባቴ ቀለም ቀቢ ነበር። የሞተ ጊዜ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ጋሽ በሱፍቃድ ቆጣሪ ሊያነቡ መጥተው፣ ሳያነቡ፣ እጄን ይዘው ፈረሶቹ ጋ ወሰዱኝ። «ይሄን አባትህ ነው የቀባው፤ ለዚህ ነው የማይላላጠው» አሉኝ። ያን ዓመት ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የማለቅሰው። የሌላውን ሰው ታሪክ ሁሉ ስፈትሽ ስኖር ይሄኛው ከማን አፍ እንደወጣ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እዚያ ቆሜ አሰብኩት።

«ማን ነገረህ?» አለች ለሊሴ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን የምጠይቀው እሱኑ ነው።

ጋሽ በሱፍቃድን አየኋቸው። ጫማቸውን ያያሉ።

«አባቴ ራሱ» አልኩ። ስንቱን ሐሰተኛ ምስክር ስታዘብ የኖርኩ ሰው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ቅር አላለኝም።

ለሊሴ በዚህ ምስክርነት ቅርስ ብላ መመዝገብ እንደማትችል በትሕትና ነገረችን። ማንም አልሰማትም፤ አይሱዙው ባዶውን ሄዷል፣ አቶ ቱሉም አዳራሹ በሌላ ጥግ ይሠራ ብለው ርምጃ እየለኩ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ በሱፍቃድ ጥቁሩን ፈረስ ተደግፈው ቆመው ነበር። ስቀርብ ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ የአባትህ ነገር… ዛሬ እውነቱን ልንገርህ…»

እጃቸውን ያዝኩ።

«አይንገሩኝ» አልኳቸው።