አረንጓዴዋ በርታለች?

ዳርዊን ከተማ ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሶኬት ነቃይ፣ ወይ አስነቃይ። አስነቃይ የሌለበት መንገድ የለም። ለእኛ መንገድ የደረሱን ጎረቤቴ ክቡር ሊቀ መብረቅ ባርባ ፓንዴሊስ ናቸው፤ ባርባ በግሪክኛ ጋሼ እንደማለት ነው።

ባርባ ቤት ሲገቡ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። ቀጥ ብለው ሸክላም ወደሚያጫውተው ቴፔ ሄደው ከጀርባው ይንበረከካሉ። "አረንጓዴዋ በርታለች?" አረንጓዴዋ የሰርጅ ፕሮቴክተሩ፣ የመብረቅ መከላከያው፣ መብራት ናት። እሷ ከጠፋች፣ መብረቅ የላከውን ኃይል የሚመክተው ዕቃ ሞቷል፤ የቀረው ተራ ማከፋፈያ ነው። ይህን ሁለት መቶ ጊዜ ነግረውኛል። አንዴማ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ሬዲዮው ያለ መከላከያ እንዲሁ ግድግዳ ላይ መሰካቱን ሲያዩ፣ ከሟቹ ይልቅ ለሬዲዮው አዘኑ።

የራሳቸውን አምፕሊፋየርማ ማን ይነካዋል! ባለ አምፖል ነው፤ አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። "ከቀዘቀዘ ድምፁ ይበላሻል" ብለው ነጎድጓድ ካልመጣ በቀር አያጠፉትም።

የልጄ የሴቫስቲ ቀለበት ዕለት፣ ጭፈራው ሊጀመር ሲል መጡና ተንበረከኩ።

"ኧረ ጉድህ ፈላ! ጠፍታለች!"

"ባርባ፣ ዛሬን እንኳን ይተዉኝ፤ የልጄ ቀን ነው!"

"ለዚህ እኮ ነው የምጮኸው፣ አንተ ግትር! ቴፑ ቢቃጠል በጭብጨባ ልታስጨፍራት ነው?"

እየተነጫነጩ ወጡ። ተመልሰው ከቴፑ ጀርባ አንድ ነገር ሲሰኩ አየሁ፤ ልብ አላልኩም። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቁሮ አጓራ። እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሲሰዱ ሴቫስቲ ቀልባ ያዘቻቸው።

"ባርባዬ፣ ይቺን አንዷን ከእኔ ጋር!"

ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ጨፍረው አያውቁም። ጨፈሩ። መሐረብ እያወዛወዙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ከዚያ ጓ! መብራቱ ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ። የእኔ ቴፕ ዘፈኑን ቀጠለ፣ እንግዳው እልል አለ። ባርባ ግን ክው ብለው ቀሩ።

"የኔን አልነቀልኩትም" አሉ ቀስ ብለው።

ለካ የሰኩልኝ የራሳቸውን መከላከያ ነው! አምፖሎቹ እንዳይቀዘቅዙ አምፕሊፋየራቸውን እንዲሁ ግድግዳው ላይ ሰክተው፣ ቶሎ ልመለስ ብለው ነበር የወጡት። የአርባ ዓመቱ አምፕሊፋየር ከሰለ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ እሳቸው "የት ነው ሰላጣው?" ብለው ወሬ ቀየሩ።

በማግስቱ አዲስ መከላከያ ገዛሁና "ሸክላዎችዎን ይዘው ይምጡ፣ እዚህ ይስሙ" አልኳቸው።

"ምን ቆርጦኝ! ሙዚቃ ለማኝ አደረግከኝ?"

እኔም ዘዴ አላጣሁም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአጥር ላይ እጣራለሁ።

"ባርባ! አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም ትልብኛለች፤ እስቲ ይዩልኝ!"

አንድ ሸክላ በብብታቸው ሸጉጠው ከተፍ ይላሉ። ይንበረከካሉ፣ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"አላምናትም" ይላሉ ወንበር እየሳቡ፤ "ትንሽ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት።"

አረንጓዴዋ ከተገዛች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ብልጭ ድርግም ብላ አታውቅም።