የኮዜዎቹ ለቅሶና የወይዘሮ አጸደ መረብ

ለእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ለአቶ ዘነበ፤ ባሉበት። አስቀድመው ሊረዱት የሚገባው፣ ቁልፉን ይዘው ቢሾፍቱ ከሄዱ ወዲህም ቢሆን በቂርቆስ ባሕር አለመገኘቱን ነው።

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከካዛንቺስ አዲሶቹ ቤቶች በታች፣ በወይዘሮ ዙለይካ የጨው ሱቅ ጓሮ።
የተገኙ፦ አቶ ኃይለገብርኤል (ሰብሳቢ)፣ ወይዘሮ ዙለይካ (ባለሱቅ)፣ አቶ ተወልደ (የካሚዮን ሹፌር)፣ ወይዘሮ አጸደ (ዓሣ አጥማጅ) እና ጸሐፊው።
ያልተገኙ፦ የወይዘሮ አጸደ ባለቤት አቶ መርጋ። ኮዜዎቹን እንዲጠብቁ ስለታዘዙ ከሱቁ በታች ካለው ወንዝ ዳር ናቸው። ሆኖም ስማቸው ሲጠራ ከወንዙ «አቤት» ማለታቸው ስለተሰማ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም

የአዲሶቹ ቤቶች ሹም የሆኑት ጣሊያን፣ ከአቃቂ ዓሣ አጥምዶ የሚያድር ቤተሰብ ለተጨማሪ ገቢ ኮዜ እንዲያረባ ማዘዛቸው ይታወሳል። ኮዜ ጣሊያኖች የሚበሉት፣ በጥቁር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው፤ አቶ ተወልደ ከምጽዋ አንድ ጆንያ አምጥተዋል። በውሳኔው መሠረት የወይዘሮ አጸደ መረብ ተወስዶ፣ ኮዜዎቹ በውስጡ ሆነው ወንዙ ላይ ተንጠልጥለዋል። ወንዙን ባሕር ለማድረግም አንድ አሞሌ ጨው ታስሮበት ነበር። አሞሌውን የጎረቤታችን የአቶ ደጋጋ በሬ ልሶ ጨርሶታል። ሰብሳቢው በሬው በጽሑፍ ይወቀስ አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ በቃል እንዲወቀስ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ኮዜዎቹ ሁሉ አፋቸውን ስለመክፈታቸው

ሰብሳቢው ርቧቸው ነውና በሶ ይበጥበጥላቸው አሉ። አቶ ተወልደ «ጋሼ፣ ሞተዋል እኮ! ሽታው አልደረሰዎትም?» አሉ። ሰብሳቢው ሽታው የአቶ ተወልደ መስሏቸው በይሉኝታ ዝም ማለታቸውን ገለጹ። መሞታቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ለቅሶው

እድሩ የአባላቱን ቤተሰብ እንጂ እንስሳ ስለማይጠብቅ፣ ኮዜዎቹ ባለፈው ስብሰባ የአቶ መርጋ ቤተሰብ ተብለው ተመዝግበዋል። ሰብሳቢው ይህን አስታውሰው፣ በደንቡ መሠረት ድንኳን ይተከል፣ ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሥራ ሳይነካ ለቅሶ ይቀመጥ፣ መረቡም መገነዣ ሆኖ አብሮ ይቀበር አሉ።

ወይዘሮ አጸደ «ዓርብ የጣሊያኖቹ ወጥ ቤት ዓሣ ይጠብቀኛል። ከቀረሁ ሌላ ሰው ይይዛሉ፤ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው? እኔ ለቀንድ አውጣ ለቅሶ አልቀመጥም!» አሉ። ሟች እንዳይሰድቡ ተመከሩ።

ወይዘሮ ዙለይካ «ጆንያ ሙሉ እኮ ነው! አንድ በአንድ ላልቅስ? ጉሮሮዬ የኪራይ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። በጅምላ እንዲያለቅሱ ተፈቀደላቸው። አቶ ተወልደ ሟቾቹን ከአገራቸው ስላመጡ የሩቅ ዘመድ ሆነው እንግዳ እንዲቀበሉ ተመደቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለቅሶው ተወሰነ። የእድሩ ዕቃ ቤት ክፍት ነበርና ሟቾቹ ከወንዙ ወጥተው፣ በነመረቡ እዚያ ውስጥ ከድንኳኑ አጠገብ ተጋደሙ። ሰብሳቢውም ለክብራቸው የበሩን ጓጉንቸር ገጠሙት።

አጀንዳ 4፦ የወይዘሮ አጸደ አቤቱታ

ወይዘሮ አጸደ «ደንባችን አዲስ ተመዝጋቢ በጉባኤ ቀርቦ፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ይበል ይላል። የትኛው ኮዜ ነው አቤት ያለው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ለጥንቃቄ አሁንም ይጠሩ ስላሉ ሁላችንም ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሄድን። ሰብሳቢው «ኮዜዎች!» ብለው ተጣሩ። ከወንዙ «አቤት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ መርጋ ኮዜ አለመሆናቸው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ውሳኔ፦ ኮዜዎቹ በደንቡ መሠረት ስላልተመዘገቡ በእድሩ ዘንድ አልሞቱም። ለቅሶው ቀርቷል። የበሬው ወቀሳ ተነሥቷል። ወንዙ ወንዝ ሆኖ ይቀጥላል። ለሹሙም ኮዜዎቹ አገሩ እንዳልተስማማቸው ይነገራል። ባለፈውም ሆነ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ መረቡ ዛሬውኑ ለወይዘሮ አጸደ ይመለስ።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አፍንጫችንን ይዘን ተዘጋ።

መረቡን ልናወጣ ስንል ግን ቁልፉ እርስዎ ዘንድ መሆኑ ታወሰን። ድንኳኑም ከኮዜዎቹ ጋር ታሽጓል፤ ቀጣዩ ሟች ማንም ይሁን ማን ከዚያ ድንኳን ሥር ለቅሶ የሚደርስለት አይኖርም። ወይዘሮ አጸደ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም ብለዋል። ይህን ወረቀት ያመጡልዎት አቶ ተወልደ ካሚዮናቸውን ሳያጠፉ በርዎ ላይ ቆመዋል። ዓሣው ነገ ካልተጠመደ ለዓርብ አይደርስምና፣ እባክዎ አቶ ዘነበ፣ ቁልፉን ከመልስዎ ጋር አሁኑኑ ይስጧቸው።