ጋሽ ከድር ከባሕር በታች

ባሕር ጠልቆ የወጣ አበሻ አጋጥሞዎት ያውቃል? ካላጋጠመዎት እኛ ያለንበት አሜሪካ፣ ሳን ሊያንድሮ ብቅ ይበሉና የጎረቤቴን የጋሽ ከድርን በር ያንኳኩ። የወሎ ሰው፣ ባለ ታክሲ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጠላቂ! ከእንግዲህ ሰፈራችንን ማን ይችለዋል?

ሜክሲኮ ድረስ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ጀልባው ላይ የታክሲ ጥሪ የሚቀበሉባትን ፔጀራቸውን አስረክበውኝ፣ የአየር ታንካቸውን አዝለው ቆሙ። «አር ዩ ሬዲ?» አላቸው ፈረንጁ አስተማሪያቸው። ጋሽ ከድር ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ይኼ በእኛ አገር «አዎ» አይደለም እንዴ? ፈረንጁ ግን ትንፋሽ ያጠራቸው መስሎት በጀርባቸው አስተኛቸውና ኦክስጅን አጠመደባቸው።

«አር ዩ ኦኬ?»

አሁንም ሳብ! እሱም ኦክስጅኑን ጨመረው።

«ኧረ ይስ ማለታቸው ነው!» ብዬ ጮኼ አስጣልኳቸው።

ጠልቀው ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «ቢጫው ዓሣ፣ ሰማያዊው፣ ዝንጉርጉሩ! ኤሊዋማ አጠገቤ ስታልፍ ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ፈረንጁ ዞረው «ዩ ሲ ኢት?» ቢሉት፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

እኛ ለእንግሊዝኛቸው ስንት ዓመት ክላስ ተመላለስን! እነሱ ግን አማርኛን በአንድ ትንፋሽ ጀመሩት።