መጋቤ ሸክላ ገዱ

እስቲ ያንን ሰውዬ እዩት! ደባርቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከሞባይል መጠገኛዋ ደጃፍ ቆሞ፣ ጥቁር የሙዚቃ ሸክላ በሁለት መዳፉ ጠርዝና ጠርዙን ይዞ ወደ ፀሐይ ያዘነበለውን። አቧራ እየፈለገ ነው። ደባርቅ ላይ! በነፋሱ ወር! አቧራ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችንን አቧራው ራሱ ፈልጎ ያገኘናል።

በየከተማው ማንም ያልጠየቀውን ነገር እስከ አጥንቱ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከተማው ይስቅበታል፤ እሱ ደግሞ ለከተማው ያዝንለታል። የእኛው ክቡር መጋቤ ሸክላ፣ ሊቀ ቴክኖ ዲጄ ገዱ ይባላል። አዘቦት ቀን ስልክ ይጠግናል፣ ሠርግ ሲመጣ ዲጄ ነው። ድሮ ቱሪስት እየመራ ሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃ በር ሲወጣ፣ ጓደኞቹ የተራራ ጫማና ጃኬት በስጦታ ይቀበሉ ነበር። እሱ ግን «ቤትዎ ቴክኖ የሚሉት ሙዚቃ ሸክላ አለ ወይ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ በዓመቱ ሲመለሱ ሸክላውንም ማጫወቻውንም ይዘውለት መጡ። ከዚያ ወዲያ ገዱን የሚችለው አልተገኘም።

ፊቱ የፍላሽ ሙዚቃ ነገር አታንሡበት። «ፍላሽ ውስጥ ሺህ ዘፈን ያለው ሰው ዘፈን የለውም፤ ክምችት ነው ያለው» ይላል። ትራንስ የሚሉት ሙዚቃ ለእሱ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ሃውስ የሚሉት ደግሞ እጅህን ስቦ ያስገባሃል ባይ ነው። «ቴክኖ ግን በሩን ከፍቶ ዝም ይልሃል፤ መግባት የራስህ ጉዳይ ነው።» ይኸ ለሀገራችን ባዕድ ነው ያለው ሰው ደግሞ ወዮለት! «ቴክኖ መኪና ከሚሠሩ ሰዎች ከተማ ነው የወጣው። ታዲያ እኛ ምን ይገርመናል? ሊማሊሞን ጭነት ይዞ የሚወጣውን ከባድ መኪና አዳምጥ። አይሮጥም፣ አይቆምም፣ አንድ ምት ይዞ ዳገቱን ይጨርሳል። በል፣ ከዚህ የበለጠ ቴክኖ አምጣ!»

ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴው ሸሀቡ ሥራው እሱን መተንኮስ ነው።

«ገዱ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«ዘፋኝ የለውም።»

«ምነው፣ አመመው?»

«ታገሥ ሸሀቡ። ገና ነው።»

«ቅድምም ገና ነው አልከኝ፤ እኔ ዙህር ሰግጄ መጣሁ!»

«ገና ነው» ጸሎተ ሃይማኖቱ ናት። ስልኬ ደረሰ ወይ ብላችሁ ብትሄዱም መልሱ ያው ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ገዱ አይደለም፤ እኛ ነን። ድምፅ ማጉያ ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የተሰነጠቀ ጩኸት የሚለቅብንን ሰው «ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው» ብለን እናልፋለን። አንዲት ሸክላ ከገዛ ልብሱ አስበልጦ በንጽሕና የሚይዘውን ሰው ግን «ነካ አድርጎታል» እንላለን። ትንሽ እንኳ አናፍርም።

ባለፈው ጥር እኅቱ ዘቢደር ዳባት ላይ ተዳረች። «ገዱ ካልተጫወተ ሠርግ አልፈልግም» ብላ ድርቅ አለች። አባታቸው አያ አለምነህ ልጃቸውን ዳሱ በር ላይ ጠርተው፣ እኔ እየሰማሁ፣ እንዲህ አሉት፦

«አንዲት ሸክላ። ሰው ከተነሣ ተነሣ። ካልተነሣ ዕቃህን ጠቅልለህ ትወጣለህ፤ ከዚያ ወዲያ በእኔ ደጅ ዲጄ ነኝ እንዳትል። በዘመድ ፊት መሣቂያ አታደርገኝም።»

«እሺ፣ አባዬ» አለ። ሸክላውን አውጥቶ አቧራ ፈለገበት።

መርፌውን አሳረፈ። ምት መጣ። ምት ብቻ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንዱ «ማሽኑ ተጣበቀበት መሰለኝ» አለ። ገዱ ጣቱን ቀስሮ «ገና ነው!» አለው። ሚዜዎቹ ለሙሽራዋ ሲሉ ግር ብለው ተነሡና፣ እንደ ልማዳቸው መሬቱን በእግራቸው ደበደቡት። ማጫወቻው ያረፈባት አግዳሚ ተርገፈገፈች። መርፌው ዘለለ፤ ድምፅ ማጉያው ጅራቷን እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እንደገና አሳረፈው፤ እንደገና ረገጡ፤ እንደገና ጮኸ። ጎንደሬ በሚጨፍርበት ዳስ ሸክላ ይዞ መግባት! ይኸን ስሕተት ከገዱ በቀር ማን ይሠራዋል?

አያ አለምነህ ተነሥተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ሊነቅሉ ያዙ።

ገዱ ማይኩን ነጠቀ። «እግር መሬት ይያዝ! ትከሻ ብቻ! እግሩን የሚያነሣ ሰው ይቀመጥልኝ!»

ሠርገኛን ተቀመጥልኝ የሚል ዲጄ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጥግ ላይ የአያ አለምነህ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ወለተ ማርያም፣ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው በትከሻቸው አገር ያወቃቸው ሴት ነበሩ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን በየሠርጉ ሥራቸው ማጨብጨብና የጨፋሪውን ጋቢ ታቅፎ መጠበቅ ነው።

«ትከሻ ብቻ ነው ያልከው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግር አያስፈልግም?»

«እግር ክልክል ነው!» አለ ገዱ፣ መርፌውን መልሶ እያሳረፈ።

«እንዲህ ከሆነማ ቀኑ የእኔ ነው» አሉና የታቀፉትን ጋቢ ሁሉ አጠገባቸው ላለው ሰው አሸክመው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ትከሻቸውን ለቀቁት።

ወይ ጉድ! ምቷን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ አንዷን ሳይስቱ! ሚዜዎቹ ከበቧቸውና እግራቸውን ተክለው ሊከተሏቸው ሞከሩ። የት ሊደርሱባቸው! ይኸኔ ያ ገዱ «ገና ነው» ሲለን የኖረው ነገር መጣ። ወፍራሙ ድምፅ ከመሬት ተነሥቶ በወንበራችን በኩል ደረታችን ውስጥ ገባ። ዳሱ በሙሉ ቆመ፤ አንድ እግር ሳይነሣ የሰው ትከሻ እንደ ደረሰ ገብስ ተናወጠ።

«አለምነህ!» ብለው ጮኹ እትዬ ወለተ ማርያም። «ገመዱን ልቀቅና ና!»

አያ አለምነህ ታላቅ እኅታቸውን እምቢ ማለት አልለመዱም። ገመዱን ለቀቁ። መጡ።

ሸክላው አልቆ መርፌው ሲነሣ፣ አባትየው እያለከለኩ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና፣ «ጀርባው ላይስ ምን አለ?» አሉት።

ገዱ ጎንበስ ብሎ ሸክላውን ገለበጠ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

እኔ ቴክኖ ዛሬም ግማሹ አይገባኝም፤ ይኸን ሰውዬ ግን በማንም ዘፋኝ አልለውጠውም። ሠርጋችንን ሁሉ ጤነኛ ጉልበት ላለው ብቻ ደግሰን ስንኖር፣ አንድም ቀን አልከነከነንም። እናም እለምናችኋለሁ፦ በሚቀጥለው ሠርግ መሬቱን ከመርገጣችሁ በፊት ወደ ጥጉ ዙሩ። እዚያ አንዲት እናት የእናንተን ጋቢ ታቅፈው ከተቀመጡ፣ ጋቢያችሁን ተቀበሏቸው፣ እግራችሁን ትከሉ፣ ትከሻውን እሳቸው ይጀምሩት።