ካራፔት ወይስ ጋራቤድ?

(የአርመኖች ከተማ ጊዩምሪ፣ ባቡር ጣቢያ። ጉርጌን አበባ ይዞ ከረባቱን ደጋግሞ ያስተካክላል። ጎረቤቱ ካራፔት አጠገቡ ቆሞ የሱፍ ፍሬ ይፈለቅቃል።)

ጉርጌን፦ ጋራቤድ! አንተ ጋራቤድ!

ካራፔት፦ (ዞር ዞር ብሎ) ማንን ነው የምትጠራው?

ጉርጌን፦ አንተን ነዋ!

ካራፔት፦ እኔማ ካራፔት ነኝ። ጠዋት ስነሳም ካራፔት ነበርኩ።

ጉርጌን፦ የልጄ እጮኛ አባት ከቤይሩት እየመጣ ነው አላልኩህም? እነሱ የሚናገሩት የምዕራቡን አርመንኛ ነው። የእኛ «ካ» እነሱ ጋ «ጋ» ነው፤ የእኛ «ጋ» ደግሞ «ካ»፤ «ፓ» እና «ባ»፣ «ታ» እና «ዳ»ም እንደዚሁ ይገለባበጣሉ። ስለዚህ አንተ ጋራቤድ፣ እኔ ኩርኬን!

ካራፔት፦ ኩርኬን? (እየሳቀ) የዶሮ በሽታ አስመሰልከው እኮ!

ጉርጌን፦ ሳቅ፣ ሳቅ! ሰውየው በቋንቋ ቀልድ አያውቅም አሉ። አርመንኛችን ካላማረው «ልጄን ሹሺግን አልሰጥም» ብሎ ይመለሳል፤ ሴቫክ ልጄም እንዳፈጠጠ ይቀራል።

ካራፔት፦ እኔ ታዲያ ምን ልበል ጉርጌን ጃን፣ ወዳጄ?

ጉርጌን፦ ምንም! አፍህን ዝጋ። ካንተ አፍ የሚወጣው ግማሹ ሩሲያኛ፣ ግማሹ ቱርክኛ ነው። ቲማቲሙን እንኳ «ፓሚዶር» ነው የምትለው።

ካራፔት፦ ቲማቲሙ ቅር አለው?

ጉርጌን፦ እኔን ቅር ይለኛል! አርመንኛ እኮ ለብቻው የበቀለ ቅርንጫፍ ነው፣ እህት ወንድም የለው! ኖኅ አራራት ላይ ከመርከቡ ወርዶ «የት ነን?» ያለው በአርመንኛ ነው!

ካራፔት፦ ማን መለሰለት?

ጉርጌን፦ ... ዝም በል አልኩህ!

(ባቡሩ ይገባል። አቶ ኦኒግ፣ የሹሺግ አባት፣ ከባድ ሻንጣ እየጎተቱ ይወርዳሉ።)

ጉርጌን፦ (ደረቱን ነፍቶ፣ የማይገለበጠውንም ፊደል እየገለበጠ) እንጓን ተህና መዱ! ፔዳችን ፔድዎ ነው!

ኦኒግ፦ (ደንግጠው) አቤት?

ጉርጌን፦ (ጮክ ብሎ) ፔዳችን! ፔድዎ!

(ኦኒግ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ካራፔት መታገስ ያቅተዋል።)

ካራፔት፦ ደከመዎት አይደል? ሻንጣውን ለእኔ ይስጡኝ። ቤት ትኩስ ቶልማ ይጠብቀናል፤ ሥጋውን በወይን ቅጠል የጠቀለለችው ሚስቴ ናት።

ኦኒግ፦ (እቅፍ አድርገው) ተባረክ! «የጊዩምሪ ሰው ንግግር አይገባህም» ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ይኸው እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ! (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) የሴቫክ አባት ግን የት አለ? ይሄ የውጭ አገር ሰውስ ማነው?

ካራፔት፦ ሁለቱም እሱ ነው።

(ጉርጌን አበባውን እንደያዘ ይደርቃል። ኦኒግ ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጋሉ።)

ኦኒግ፦ (ለሕፃን እንደሚያወሩ፣ በጣም ቀስ ብለው) አይዞህ ወንድሜ! ልጄን ሰጥቻለሁ። ሹሺግ ቤትህ ስትገባ አርመንኛም ታስተምርሃለች።