ለሠርጉ የተጠራቀመ አበባ

(የአንድ ቤት ጓሮ፣ ጠዋት። አጥሩ ሥር የአበባ አተር በሲባጎ ላይ ተጠማጥሞ ቆሟል። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር የሚስቱን ወንድም፣ አናጢውን፣ ክንዱን ጨምድዶ ይዞታል። አናጢው መቀስ ይዟል።)

መምህሩ፦ መቀሱን ወዲህ በል!

አናጢው፦ ጋሼ፣ መቀሱኮ የኔ ነው።

መምህሩ፦ የፈለገው ይሁን! እጅ ከፍንጅ ይዤሃለሁ!

አናጢው፦ ምን ሳደርግ?

መምህሩ፦ አበባዬን ስትቆርጥ!

አናጢው፦ (ተክሉን ከላይ እስከ ታች እያየ) የቱን አበባ?

መምህሩ፦ ይኼንን ነዋ! ይኼ… (ዞር ብሎ ያያል፤ ክንዱን ይለቀዋል) ወይኔ ጉዴ! አበባዬስ?

አናጢው፦ እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነበር።

መምህሩ፦ ሳምንቱን ሙሉ የጥሪ ካርድ ሳድል ጠብቀህ ጨረስከው! ነገ የልጄ ሠርግ ነው! «አበባ የሚባል ነገር እንዳትገዙ፣ ጠረጴዛውን ሁሉ እኔ አለብሰዋለሁ» ብዬ በቤተሰብ ፊት ደረቴን ነፍቻለሁ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ምን ላስቀምጥ? ራሰ በራዬን?

አናጢው፦ እኔ ከዚህ አንድም አልነካሁ። «የነካ እጁን!» ብለው ጽፈው ለጥፈዋል። እኔ ደግሞ በእጄ ነው የማድረው።

መምህሩ፦ ታዲያ በእግሩ ሄደ?

አናጢው፦ የትም አልሄደም። ይኸውልዎ፣ አፍርቷል። ሁሉም እሸት ሆኗል።

መምህሩ፦ ማን አፍራ አለው? እኔኮ አስልቼዋለሁ! አንዱ ተክል በቀን ሦስት አበባ ይሰጣል። አርባ ተክል አለኝ። ሦስት ሳምንት ማንም ሳይነካው ቢቆይ ስንት ይሆናል?

አናጢው፦ ብዙ።

መምህሩ፦ «ብዙ» መልስ አይደለም! ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ!

አናጢው፦ (በጣቱ እየቆጠረ) ጋሼ፣ ያለው አራት ነው። አንዱም ጠውልጓል።

መምህሩ፦ ካልተቀጠፈኮ መጠራቀም ነበረበት!

አናጢው፦ አበባ ያረጃል እንጂ ይጠራቀማል እንዴ?

መምህሩ፦ (ድንጋይ ላይ ዘፍ ይላል) ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር ላይ ኤክስ ሳደርግ ኖሬ፣ የራሴን ኤክስ እዚህ ጓሮ ላግኘው? በቃ፣ እሸቱን ቀቅለን ለእንግዳ እናቅርብ። አተር አይደል?

አናጢው፦ ኧረ ጋሼ! ይኼ አይበላም፣ ይመርዛል ይላል። ሠርጉን ለቅሶ ሊያደርጉት ነው?

መምህሩ፦ ማነው የሚለው?

አናጢው፦ የዘሩ ፓኬት።

መምህሩ፦ ይኼ እንጨቱ ላይ በሚስማር የመታኸው? እሱ ላይማ ያለው ሥዕል ነው።

አናጢው፦ ፊቱ ሥዕል ነው፤ ጀርባው ጽሑፍ ነው። «ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገህ ምታው» አሉኝ፣ መታሁት።

መምህሩ፦ አንተ መቼ አነበብከው?

አናጢው፦ ከመምታቴ በፊት። ንባብ ላይ ቀርፋፋ ስለሆንኩ ትንሽ ቆየሁ፤ እርስዎም «ሚስማር ለመምታት ደግሞ ይነበባል እንዴ?» ብለው ጮሁብኝ።

መምህሩ፦ ጮሄያለሁ፣ አልክድም። ምን ይላል?

አናጢው፦ «አበባውን በየሁለት ቀኑ ቁረጡ። በተቆረጠ ቁጥር ያብባል፤ ካልተቆረጠ ያፈራና ማበቡን ያቆማል።»

መምህሩ፦ ይኼን እያወቅህ ዝም ትለኛለህ?

አናጢው፦ ሦስቴ ነገርኩዎ። መጀመሪያ «አናጢ ስለ እንጨት ያውራ» አሉኝ። ሁለተኛ «ስለ ደረቅ እንጨት» አሉኝ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ በሩን ዘግተው ገቡ።

መምህሩ፦ አይ እኔ! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነኝ በል! ቆይ፣ ታዲያ በጠዋቱ መቀስ ይዘህ የት ልትሄድ ነበር?

አናጢው፦ ወደ ራሴ አበባ። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ።

መምህሩ፦ እዚያ ጭቃ ውስጥ? መሰላል ጥለህበት አናቱ የተቀጨውን ችግኝ ነው አበባ የምትለው?

አናጢው፦ አናቱ ሲቀጭ ጎን ለጎን ቅርንጫፍ አወጣ። እርስዎ ጫማዬ ይቆሽሻል ብለው ረግጠውት አያውቁም እንጂ።

(መምህሩ ተነሥቶ ከታንከሩ ጀርባ ይሄዳል። ሮዝ፣ ነጭና ሐምራዊ አበባ ከሥር እስከ አጥሩ ጫፍ ሞልቶታል። አፉን ከፍቶ ይቀራል።)

መምህሩ፦ ይኼ ሁሉ… እየቆረጥክ?

አናጢው፦ በየሁለት ቀኑ እየቆረጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ የአበባ ማስቀመጫ አልቆበት በጣሳ ነው የሚቀበለኝ።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ! ከጉድ አወጣኸኝ! ለመሆኑ መትከሉን እንዴት አሰብከው?

አናጢው፦ እኔ የት አባቴ አስቤ! ልጅትዋ ናት። ገና ዘሩ ሲገዛ፣ «አጎቴ፣ አባዬ እኔ ካልተከልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እንደማይሆንለት አውቃለሁ። ብንገዛ ደግሞ ይከፋዋል። የተረፈ ዘር ለምነህ ዘወር ያለ ቦታ ትከልልኝና፣ ለሠርጉ ከእሱ ጋር ቀላቅለው» አለችኝ።

መምህሩ፦ ገና ሳይዘራ? ገና ዘሩ ፓኬት ውስጥ እያለ እንደማበላሸው አውቃለች?

አናጢው፦ እትዬም ታውቃለች። ሙሽራውም ያውቃል።

መምህሩ፦ ሙሽራው! ትናንት እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «አበባዎን በጉጉት ነው የምንጠብቀው» አለኝኮ!

አናጢው፦ እሱማ የተባለውን በደንብ ያጠናል። (አፉን በእጁ ይይዛል) ወይኔ! እንዳልነግርዎ አስምላኝ ነበር!

(መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ ዓይኑንም ይጠርጋል።)

መምህሩ፦ እኔ እሷን ላስደስት ብዬ ስፎክር፣ እሷ እኔን እንዳልዋረድ ስትደክም! እንዲህ ታስብልኛለች እንዴ፣ ልጄ?

አናጢው፦ ነፍሷ ነዎት። አሁን ግን እንደነገርኩዎ ካወቀች አለቀልኝ።

መምህሩ፦ አይዞህ፣ አልነገርከኝም፤ አልሰማሁም። ነገ ጥጌን ይዤ ጭጭ ነው። ስለ አበባ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።

አናጢው፦ ኧረ በልጅዎ ሞት እንዳያደርጉት! እርስዎ ጭጭ ካሉማ ገና በር ላይ ታውቅብናለች። ይልቅ ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ ጉራዎን ይንዙ!